ከግብር አቤቱታ እስከ ነፃነት፦ አሥራ ሦስቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የሄዱበት መንገድ





 ዛሬ ጥቂት ጊዜያችሁን ወስደን የሩቅ አገር ታሪክ ልናወጋችሁ ነው። ምክንያቱን አስቀድመን እንናገር። ጥያቄያችንን ይዘን ከተነሳንበት ቀን ጀምሮ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይነገሩናል። አንደኛው «ነገሩ ትንሽ ነው፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ አታድርጉት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከጥያቄያችሁ ጀርባ የደበቃችሁት ሌላ ዓላማ አለ» የሚል ነው። የመጀመሪያው አንዳንዴ ከራሳችን ሰዎች፣ ከቅን ልብም ይመጣል። ሁለተኛው ከየት እንደሚመጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

እነዚህ ሁለት ንግግሮች ለእኛ ተብለው የተፈጠሩ አይደሉም። ከ240 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በአሥራ ሦስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ለሚኖር ሕዝብም ተብለው ነበር። ሕዝቡ የጀመረው ስለ ቀረጥ አቤት በማለት ነው፤ የጨረሰው አገር በመመሥረት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሸጋገረ ማየት ይጠቅመናል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን የምንጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1763 እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የሰባት ዓመት ጦርነት አሸንፋ ጨረሰች። ድሉ ግን ከባድ ዕዳ አመጣባት፤ የመንግሥቱ ዕዳ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ወደ 10,000 የሚጠጋ ጦር አሜሪካ ውስጥ ለማቆየት ታሰበ። የለንደን ባለሥልጣናት «ጦሩ የሚጠብቃችሁ እናንተን ነው፤ ከወጪው ድርሻችሁን ክፈሉ» አሉ። ፍትሐዊ እንሁንና ይህ ሐሳብ ብቻውን ሲታይ እብደት አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ሰው ከአሜሪካው ነዋሪ እጅግ የከበደ ግብር ይከፍል ነበር።

ቅኝ ግዛቶቹም ግብር አንከፍልም ብለው አያውቁም፤ ይከፍሉ ነበር። የሚከፍሉት ግን ራሳቸው የመረጧቸው እንደራሴዎች በየምክር ቤታቸው ተወያይተው ለወሰኑት ግብር ነው። ለንደን ባለው ፓርላማ አንድም የመረጡት ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ ጥያቄያቸው «ስንት እንክፈል?» የሚል ሳይሆን «በእኛ ላይ የሚወስነው ማነው?» የሚል ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ በ1764 ወጣ። ከውጭ በሚገባ ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ የነበረውን ቀረጥ ወደ 3 ፔንስ አወረደው። አዎን፣ በግማሽ ቀነሰው! ሕዝቡ ግን ተቆጣ። የቀድሞው ቀረጥ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ፣ ነጋዴው በኮንትሮባንድ የሚያልፈው ነበር። አዲሱ ግን በእርግጥ ሊሰበሰብ ነው፤ የሚከሰስ ሰውም ከጎረቤቶቹ በተውጣጡ ፈራጆች ፊት መቅረቡ ቀርቶ በመንግሥት ዳኛ ብቻ በሚታይ የባሕር ፍርድ ቤት ሊዳኝ ነው።

በማርች 1765 ደግሞ የቴምብር ቀረጥ መጣ። ዛሬ እኛ ውል ስንዋዋል ቴምብር እንደምንለጥፈው ማለት ነው። ጋዜጣው፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የዘመን መቁጠሪያው፣ መጫወቻ ካርታው ሳይቀር ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ እንዲሆን ታዘዘ። ቀረጡ በኖቬምበር 1 ሥራ ላይ ሊውል ነበር። የነኩት ደግሞ መናገር የሚችለውን ሰው ነው፦ ጠበቃውን፣ አታሚውን፣ ነጋዴውን።

ሕዝቡ የመለሰው በተለያየ መንገድ ነው። በኦክቶበር የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች 27 ተወካዮች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ለንጉሡና ለፓርላማው አቤቱታ ጻፉ። ታማኝነታቸውን ገልጸው መብታቸውን ዘረዘሩ። ከ200 በላይ የኒው ዮርክ ነጋዴዎችም ሕጉ እስኪሻር ድረስ ከእንግሊዝ ዕቃ ላለማስመጣት ተስማሙ፤ የሌሎች ከተሞች ነጋዴዎች ተከተሏቸው።

ሌላም የሆነ ነገር አለ፤ አንደብቀውም። በኦገስት 26 ቀን ማታ ቦስተን ላይ የተቆጣ ሕዝብ የምክትል ገዢውን የቶማስ ሃቺንሰንን ቤት ሰብሮ ገባ። ግድግዳው ፈረሰ፣ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ለዓመታት የሰበሰባቸው ወረቀቶች ጭቃ ላይ ተበተኑ። የሚገርመው ሃቺንሰን የቴምብሩን ሕግ በግሉ አልደገፈውም ነበር። በማግስቱ የከተማው ሰዎች ተሰብስበው ድርጊቱን አወገዙ። ታዲያ ለንደን ላይ እነዚህን ሰዎች መስማት የማይፈልጉ ሁሉ ከዚያ በኋላ ስለ አቤቱታው ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ፈረሰው ቤት ሆነ። የአንድ ሌሊት ስሜት ለባላጋራ የዓመታት ወሬ ሰጠው። እኛ በየስብሰባችን «ድንጋይ እንዳይነሳ፣ ቅርንጫፍ እንዳይቆረጥ» እያልን የምንለምናችሁ ፈርተን አይደለም።

ሕጉን ያሻረው የነጋዴዎቹ ስምምነት ነው። ዕቃው መግዣ ሲያጣ የእንግሊዝ ነጋዴዎችና ባለፋብሪካዎች ራሳቸው ፓርላማውን መወትወት ያዙ። በማርች 18 ቀን 1766 የቴምብር ቀረጡ ተሻረ። በቅኝ ግዛቶቹ ደወል ተደወለ፣ መብራት በራ፣ ለንጉሡ ምስጋና ቀረበ።

በዚያው ቀን ግን ሌላ አጭር ሕግ ጸድቋል። ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ላይ በማናቸውም ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አለው የሚል ነው። ቀረጡን በአንድ እጁ አንስቶ ሥልጣኑን በሌላው እጁ አጥብቆ ያዘ። በደስታው መካከል ይህን ሁለተኛ ወረቀት አጥብቆ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ወገኖቻችን፣ «ይህን ያህል ሰጥተናችኋል፣ አሁን ምን ቀራችሁ?» ስንባል እኛም ወረቀቱን ገልብጠን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሥልጣኑ ሥራ ላይ ዋለ። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ተጣለ። የሚሰበሰበው ገንዘብም ለገዢዎችና ለዳኞች ደመወዝ እንዲውል ተደረገ። ቀደም ሲል የገዢውን ደመወዝ የሚወስነው የሕዝቡ ምክር ቤት ስለነበር ገዢው ሕዝቡን መስማት ግድ ይሆንበት ነበር። አሁን ያ ገመድ ተበጠሰ።

ሕዝቡም እንደገና ላለመግዛት ተስማማ። በዚህ ጊዜ ትልቁን ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። የእንግሊዝ ጨርቅ ሲቀር እየተሰበሰቡ ፈትል ፈተሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚሰበሰቡት በሰባኪያቸው ቤት ነበር። በቤት የተሸመነ ሸካራ ልብስ መልበስ ክብር ሆነ። ፓርላማ ውስጥ ድምፅ ያልነበራቸው፣ በየአካባቢያቸው ምክር ቤት እንኳ እንዲመርጡ ያልተፈቀደላቸው እናቶችና እህቶች ትግሉን በየቤቱ አስገቡት። ስለ ሴቶቻችን ድርሻ ብዙ ማለት አያስፈልገንም፤ በየመስጂዱ እያየነው ነው።

በኦክቶበር 1768 ወታደር ቦስተን ገባ። ከተማው ውስጥ ጦር ከሰፈረ በኋላ ደም እስኪፈስ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው። በማርች 5 ቀን 1770 ወታደሮች በከበባቸው ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ሞተ። ከሞቱት አንዱ የአፍሪካዊና የነባር አሜሪካዊ ዘር ያለው ክሪስፐስ አታክስ ነው። ወታደሮቹ ለፍርድ ሲቀርቡ ጥብቅና የቆመላቸው ከሕዝቡ ወገን የሆነው ጆን አዳምስ ነበር። አዛዣቸው በነፃ ተሰናበተ፤ ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነፃ ወጡ፤ ሁለቱ ብቻ በቀላል የነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። ስለ ፍትሕ የሚጮህ ሰው ለባላጋራውም ፍትሕ ሲጠይቅ ከባድ ነው፤ አዳምስ አደረገው።

በዚያው በማርች 5፣ የቦስተኑ ወሬ ገና ባሕር ሳይሻገር፣ ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ ከሻይ በስተቀር ሌሎቹ ቀረጦች እንዲነሱ ለፓርላማው ሐሳብ አቀረቡ። ሻይ ለምን ቀረ? ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ቀረጥ ከቀረ «የመቅረጥ ሥልጣን አለን» የሚለው ቃል ይቆያል፤ ሻይ የዚያ ማስታወሻ ነበር።

በ1773 በዕዳ የተዘፈቀው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በመጋዘኖቹ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ የሚመዝን ሻይ ተከምሮበት ነበር። መንግሥት ኩባንያው ሻዩን በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ በራሱ ወኪሎች እንዲሸጥ ፈቀደ። ውጤቱን ስሙት፦ ሻዩ ረከሰ። 3 ፔንሱ ቀረጥ ተጨምሮበት እንኳ ከኮንትሮባንዱ ሻይ ጋር የሚፎካከር ሆነ። «ርካሽ ሻይ አመጣንላችሁ፤ ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?» ተባሉ። «ነገሩ ትንሽ ነው» ያልናችሁ ንግግር እዚህ ላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። ሕዝቡ ግን ርካሹን ሻይ ቢጠጣ ምን እንደሚፈርም ገብቶታል። በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ የሻዩ ወኪሎች ሥራውን እንዲተዉ ተደረገ። በቦስተን ግን ገዢው መርከቦቹ ሳያራግፉ እንዳይመለሱ ከለከለ። ያ ገዢ ቤቱ የፈረሰበት ሃቺንሰን ነው። በዲሴምበር 16 ማታ ከ340 ያላነሱ የሻይ ሳጥኖች ወደብ ውስጥ ተደፉ።

ይህን ለእናንተ ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም፤ የሰው ንብረት ነው። ከራሳቸው ወገን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ካሣ ሊከፈል ይገባል ብሎ ነበር። ሆኖም ከዚያ የተከተለው ቅጣት ጥፋቱን ካጠፉት ሰዎች እጅግ አልፎ ሄደ። በ1774 የቦስተን ወደብ ተዘጋ፤ በዚያች ሌሊት አልጋው ላይ የነበረው አሣ አጥማጅና ወዛደር ሁሉ ሥራ ፈታ። የማሳቹሴትስ ላይኛ ምክር ቤት ቀድሞ የሕዝብ እንደራሴዎች የሚመርጡት ነበር፤ አሁን አባላቱን ንጉሡ እንዲሾም ተደረገ። የከተማ ነዋሪዎች ስብሰባም ያለ ገዢው ፈቃድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ተከለከለ። ተመራጭ በተሿሚ ተተካ፣ መሰብሰብ ወንጀል ሆነ። ይህን ስታነቡ ወደየት እንደሚያስታውሳችሁ እኛ መናገር አያስፈልገንም።

ሕዝቡ የተሾሙትን አልተቀበለም። ጎረቤቶቻቸው ሊያነጋግሯቸው ፈቃደኛ ስላልሆኑ ብዙዎቹ ተሿሚዎች ሹመታቸውን ተዉ፤ ሌሎቹ ወታደር ወዳለበት ወደ ቦስተን ሸሹ። ለተራበው የቦስተን ሕዝብ ከደቡብ ካሮላይና ሩዝ ተጫነ፣ ከኮነቲከት በግ ተነዳ። ሌሎቹ «ዛሬ እነሱን፣ ነገ እኛን» አሉ። በሴፕቴምበር 1774 የአሥራ ሁለት ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ፊላደልፊያ ላይ ተሰበሰቡ። ከዲሴምበር 1 ጀምሮ የእንግሊዝ ዕቃ እንዳይገባ ወሰኑ፤ ውሳኔውን የሚከታተል ኮሚቴም በየከተማውና በየወረዳው እንዲመረጥ አዘዙ። በሚቀጥለው ዓመት ከእንግሊዝ የሚገባው ዕቃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቀረ። የቤት ወጉም ተለወጠ። ጆን አዳምስ በመንገድ ላይ አንድ ማረፊያ ቤት ሻይ ሲጠይቅ «እኛ ሻይ ትተናል፤ ቡና ላፍላልህ» እንደተባለ ለሚስቱ ጽፎላታል። ከእኛ አገር ተነስቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ቡና እዚያም ጎራ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ንግግር እንምጣ፤ «የተደበቀ ዓላማ አላችሁ» ወደሚለው።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለንደን ላይ «እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት መገንጠል ነው» ይባል ነበር። እውነት ነበር? ጆርጅ ዋሽንግተን በኦክቶበር 1774 በጻፈው ደብዳቤ ነፃነትን የሚሻ አስተዋይ ሰው በዚያ ሁሉ አህጉር ይገኛል ብሎ እንደማያምን ገልጿል። ዋሽንግተን ማለት ኋላ የጦሩ አዛዥ፣ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው! በሚቀጥለው ወር፣ በኖቬምበር፣ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ለጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሲጽፉ ቅኝ ግዛቶቹ ተገዢ ይሁኑ ወይስ ነፃ የሚለውን የሚወስነው ዱላ ነው አሉ። እንግዲህ «ነፃነት» የሚለውን ቃል ማን ቀድሞ በአፉ እንደያዘው ፍረዱ።

ቅኝ ግዛቶቹ ለዓመታት የሚወቅሱት ሚኒስትሮቹንና ፓርላማውን እንጂ ንጉሡን አልነበረም። አህያውን ፈርተው ዳውላውን የመቱ ይመስላል፤ የብዙዎቹ ግን ከልባቸው ነበር። ንጉሡ ቢሰማን ይፈርድልናል ብለው ያምኑ ነበር። ያ እምነት እንዴት እንደሞተ ለማየት የፍራንክሊንን ሕይወት ማየት ይበቃል። በ1765 ፍራንክሊን ለንደን ነበር። የቴምብሩ ሕግ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ ይቀበለዋል ብሎ ስለገመተ አንድ ወዳጁን ለቴምብር አከፋፋይነት ጠቁሞ ነበር። እንግሊዝን የሚወድ፣ የንጉሡ ሰው ነበር። በጃንዋሪ 1774 የማሳቹሴትስ ሕዝብ ገዢው እንዲነሳለት ያቀረበው አቤቱታ በንጉሡ አማካሪዎች ፊት ሲታይ አቤቱታውን ይዞ የቀረበው እርሱ ነው። አቤቱታው ተረሳና እርሱ ተሰደበ። የመንግሥቱ ጠበቃ ወደ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሌባ እያሉ ሲያዋርዱት ተሰብሳቢው ይስቅ ነበር፤ ፍራንክሊን በ68 ዓመቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ አንድ ቃል ሳይመልስ አዳመጠ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የነፃነት አዋጁን ካረቀቁት አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ያን ሰው ማንም አላሳመነውም፤ አቤቱታ የሚያዳምጥ ጆሮ ሲያጣ ነው የተለወጠው።

በኤፕሪል 19 ቀን 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ እንኳ፣ በጁላይ፣ ጉባኤው የመጨረሻ የእርቅ አቤቱታ ለንጉሡ ላከ። ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በኦገስት 23 ቀን ዐመፀኞች ናችሁ የሚል አዋጅ አስነገሩ። በዲሴምበር ፓርላማው ንግዳቸውን በሙሉ ዘጋ፣ መርከቦቻቸውም እንዲማረኩ ፈቀደ። በጃንዋሪ 1776 ቶማስ ፔይን ንጉሥ ለምን ያስፈልገናል ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም አንባቢው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያዘጋጁትም ለንደን ያሉት ናቸው። በጁላይ 4 ቀን 1776 የነፃነት አዋጁ ጸደቀ። በአዋጁ ውስጥ በንጉሡ ላይ ረጅም የክስ ዝርዝር አለ። ያለ ፈቃዳችን ግብር ተጣለብን የሚለው ክስ ከመካከሉ አንድ መስመር ብቻ ነው። ምክር ቤቶች መበተናቸው፣ ዳኞች የንጉሥ ጥገኛ መደረጋቸው፣ በሰላም ጊዜ ጦር መስፈሩ ይቀድሙታል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅም ለትሕትና አቤቱታችን የተሰጠን መልስ ተጨማሪ በደል ብቻ ነው ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የቴምብር ወረቀት ወደዚህ አደገ።

ይህን ታሪክ ስናወራ «እንግዲህ እነሱም መንግሥት መመሥረት ነው የሚያምራቸው» የሚለን አይጠፋም። ስለዚህ ልዩነታችንን በግልጽ እንናገር። ከእነሱና ከገዢያቸው መካከል ውቅያኖስ ነበር። እኛ የምንኖረው በገዛ አገራችን፣ ከክርስቲያን ወገኖቻችን ጋር በአንድ ግቢና በአንድ ዕድር ነው፤ የምንለየው ነገር የለም። እነሱ መሣሪያ አነሱ፤ ጦርነቱ እስከ 1783ቱ የፓሪስ ውል ስምንት ዓመት ፈጅቶ እጅግ ብዙ ነፍስ በላ። እኛ መሣሪያ አላነሳንም፣ አናነሳምም። ሃይማኖታዊ መሪዎቻችንን በመስጂዶቻችን ራሳችን እንምረጥ፣ እምነታችንን እኛው እንማር አልን፤ ሕገ መንግሥቱ የጻፈውን ነው የጠየቅነው። ሹራ ለእኛ ከፈረንጅ የተቀዳ ሐሳብ አይደለም፤ በቁርኣናችን በስሙ የተጠራ ሙሉ ሱራ አለ።

ያላሞካሸነውም አለ። ያ ሁሉ የነፃነት ንግግር ሲደረግ ከቅኝ ግዛቶቹ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ ባሪያ ነበር። ነባሩ ሕዝብም ከመሬቱ እየተገፋ ነበር። ከባሪያዎቹ መካከል ከምዕራብ አፍሪካ የተጋዙ ሙስሊሞች ነበሩበት። አንደኛው የቡንዱ ሰው አዩባ ሱለይማን ዲያሎ ነው፤ በ1730ዎቹ መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ተሸጠ። ለአባቱ በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ ለንደን ደርሶ የነፃነቱ ምክንያት ሆነ። እንግሊዝ ሳለም ቁርኣንን ከልቡ ጽፏል። እርሱ አገሩ ተመለሰ፤ ስማቸው እንኳ ሳይቀር ጠፍቶ የቀሩት ግን ስንት ናቸው! በአንጻሩ በዲሴምበር 1777 የአሜሪካ መርከቦች ወደቦቹ እንዲገቡ በመፍቀድ ለአዲሲቱ አገር ቀድሞ እውቅና የሰጠው የሞሮኮው ሱልጣን ሙሐመድ ኢብኑ ዐብደላህ ነበር፤ የወዳጅነት ውሉ በ1786 ተፈረመ።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጊዜ እንድትገኙ እናሳስባለን። ስሜት የሚፈታተነው ወጣት ካለ አጠገቡ ሁኑ፤ የሃቺንሰንን ቤት ታሪክ ንገሩት። አላህ የታሰሩ ወንድሞቻችንን ያስፈታልን፣ ቤተሰቦቻቸውን በሰብር ያጽናልን፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።